ዳሌው ሳይሆን ጉልበቱ

አንድ ጸሐፊ ከሃዋይ ርቀው ለሚያድጉ ልጆች ሁላ የተባለውን የሃዋይ ባህላዊ ጭፈራ ሲያስተምሩ «መጀመሪያ ዳሌ ማወዛወዝ» ማለታቸው የተገለበጠ ይመስለኛል። መነሻው ጉልበት ነው። ካሆሎ ለሚባለው የሁላ የጎንዮሽ እርምጃ ጉልበት አጠፍ ተደርጎ ቀኝ እግር ወደ ጎን፣ ግራው ይጠጋል፣ ቀኙ ይደግማል፤ በአራተኛው ምት ግራው መሬት ነካ ብቻ ያደርጋል። ከዚያ በግራ መመለስ። ክብደቱ ከእግር ወደ እግር ሲዛወር ዳሌው በራሱ ይሄዳል። ልጁ ሲደክመው ግን ጉልበቱን ይዘረጋል፣ ጭንቅላቱም ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል፤ ስህተቱ ከሩቅ የሚታወቀው በዚህ ነው።

በሁላ እጅ የሚናገረው የዘፈኑን ግጥም ስለሆነ ቃሉ ቀድሞ ይጠና። አጠራሩም ቀልድ አይደለም፦ በሃዋይኛ «ፓው» ማለት አለቀ፤ አናባቢዎቹ ረዝመው መሐሉ ቆረጥ ሲደረግ፣ «ፓ-ኡ»፣ የጭፈራው ጉርድ ቀሚስ ነው።