ገበና ሶኬት ላይ ሲሰካ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁትን። ራሴንም አልለይም፤ ስማቸው ሲጠራ በድምፅ ከሚመልሱት፣ እንደ አማዞኗ አሌክሳ ካሉት ዕቃዎች እኔም ቤት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አንዷ ተቀምጣ ነበር።

ባለፈው አንድ ዘመዴ ቤት ቡና ተጠራሁ። የፕላስቲኩ ሣር ተነጥፏል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ አቦል ተጠጥቶ ቶናው ተቀድቷል። ከእንግዶቹ መሃል አንዲት እናት የእህታቸውን ልጅ ነገር አነሱ። ልጅቷ ጥገኝነት ጠይቃለች። ጠበቃዋ የነገራት ነገር አለ። ሐኪም የነገራትም ነገር አለ። እሳቸው ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። ይኼኔ ረከቦቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አንዲት ድቡልቡል ዕቃ ብልጭ አለች። ማንም አልጠራትም። በእንግሊዝኛ «ይቅርታ፣ አልገባኝም» አለች። በሳቅ ፈረስን። «እሷም ቡናው ሸቷት ነው» አለ አንዱ። ጨዋታው ቀጠለ። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። «አልገባኝም» ለማለት እኮ መጀመሪያ መስማት አለባት።

እነዚህ ዕቃዎች ስማቸው እስኪጠራ ድረስ ማይክሮፎናቸው ክፍት ነው። ስማቸውን የሰሙ ሲመስላቸው ይነቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ወሬ ቀድተው ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ይልካሉ። ችግሩ «ሲመስላቸው» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ልጇን «ተነሺ፣ ሥሪ!» እያለች የምትቆጣ እናት ቤት የአፕሏ፣ አይፎን ውስጥ ያለችው ሲሪ ብትነቃ ይገርማል? ስለ ደብሩ አለቃ ሲወራ አሌክሳ «አቤት» ብትልስ? ጋርዲያን ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደጻፈው፣ ሲሪ የዚፕ ድምፅ ሰምታ ሁሉ ትነቃ ነበር። ዚፕ የት የት እንደሚከፈት እናንተው አስቡት።

«ማሽን ቢሰማኝ ምን ይጎዳኛል?» የሚል ብዙ አለ። ማሽን ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ያህል ባልተንጨረጨርኩ። ግን ሰው ነው የሚሰማው። ደመወዝተኛ ሰው፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገ፣ የቀን ኮታ ያለበት።

በዚያው በ2019 ኤፕሪል ላይ ብሉምበርግ የተባለው የአሜሪካ የዜና ድርጅት ጉዱን አወጣው። አማዞን አሌክሳ የቀዳችውን የሚያዳምጡና በጽሑፍ የሚገለብጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩት። ቦስተን አሉ፣ ኮስታሪካ አሉ፣ ህንድ አሉ፣ ሩማንያ አሉ። ሥራው በቀን ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ነበር። አንዱ ሠራተኛ በአንድ ቀን እስከ 1,000 ቅጂ ያዳምጥ ነበር። ሻወር ውስጥ ሆና ያለ ቅኝት የምታንጎራጉር ሴት ሰምተዋል። የሚያስቅ ነገር ሲገኝ በሠራተኞቹ የውስጥ ቻት ይቀባበሉታል። ሩማንያ ያሉ ሁለቱ ደግሞ የወሲብ ጥቃት የመሰላቸውን ድምፅ ሰምተው ምን እናድርግ ብለው ጠየቁ። ጣልቃ መግባት የኩባንያው ሥራ አይደለም ተባልን ብለው ተናግረዋል። እኔን ከሁሉም ያስጨነቀኝ ይኼ ነው። እንዲሰማን የፈለግን ቀን አይደርስልንም፤ እንዳይሰማን የፈለግን ቀን ግን አለ።

ጁላይ ላይ ተራው የጉግል ሆነ። ቪአርቲ የተባለው የቤልጅየም የሕዝብ ማሰራጫ ከ1,000 በላይ ቅጂዎች እጁ ገቡ። ያወጣቸው ለጉግል በኮንትራት ደች ቋንቋ የሚያዳምጥ ሠራተኛ ነው። ከቅጂዎቹ 153ቱ ማንም «ኦኬ ጉግል» ብሎ ሳይጠራ የተቀዱ ናቸው። የመኝታ ቤት ወሬ፣ የወላጅና የልጅ ንግግር፣ የባልና ሚስት ጠብ። ጉግል ባለሙያዎቻችን የሚያዳምጡት ከመቶ 0.2 ያህሉን ብቻ ነው፣ ያውም ከባለቤቱ ስም ጋር አይያያዝም አለ። ጋዜጠኞቹ ምን አደረጉ? ቅጂው ውስጥ የተጠራውን አድራሻ ይዘው ሄደው የሰዎቹን በር አንኳኩ። አንድ ባልና ሚስት የልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ድምፅ ወዲያው ለዩት። ስም ቢፋቅ ምን ዋጋ አለው? ድምፅ ራሱ ስም ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የደቾቹን ወሬ ያዳመጠው ማን ነው? ደች የሚችል ሰው ነዋ። ሌላ ማን ሊገባው?

«እኛስ አማርኛ ነው የምናወራው፣ ማን ይሰማናል» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ ሲሪና አሌክሳ አማርኛ አያወሩም። ግን ስላልገባት አልቀዳችም ማለት አይደለም። ደግሞስ መቼም እንዲህ አይቀርም። ጉግል ገና በ2017 አማርኛ በድምፅ መጻፍ ጀምሯል፤ ሁላችንም እልል ብለናል። እኔም ብያለሁ፣ እናቴ አሁን በድምፅ ነው የምትጽፍልኝ። ነገር ግን ማሽን ቋንቋ ሲማር አንድ የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል። አማርኛን የሚያርመው ደግሞ አበሻ ነው። አበሻ ከአበሻ ጋር እንዴት እንደሚተዋወቅ ለእናንተ አልነግራችሁም። የዚያች ጥገኝነት ጠያቂ አክስት የተናገሩትን ነገር ማዳመጫ አድርጎ የሚሰማው ሰው የዕድራችሁ አባል፣ የቤተ ክርስቲያናችሁ ምዕመን ወይም የልጅቷ የቀድሞ ባል ወንድም ሊሆን ይችላል። ለባዕድ ሰው የእኛ ሻወር ቤት ዘፈን እንግዳ ድምፅ ነው። ለእኛ ሰው ግን «አይ፣ ይቺማ እከሊት ናት» ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ አባቶች። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይኼ ለእኛ አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። በደርግ ጊዜ ያደጋችሁ፣ «ጆሮ ጠቢ» ማለት ምን እንደሆነ እናንተ ለእኔ ታስረዱኝ። የውጭ ራዲዮ ድምፁን ቀንሳችሁ፣ መስኮት ዘግታችሁ አዳምጣችኋል። ልጅ ፊት ነገር አታወሩም ነበር፤ ልጅ ቀበሌ ሄዶ ሳያውቀው ይናገራል ተብሎ። ዛሬ እነዚያው ሰዎች በጥቁር ዓርብ ቅናሽ አንዷን ገዝታችሁ፣ «አሌክሳ፣ የቴዎድሮስን ዝማሬ ክፈቺ» ስትሉ ታመሻላችሁ። ቀበሌ ቢያንስ ጆሮ ጠቢውን በራሱ ገንዘብ ነበር የሚቀጥረው።

«ተቀጥተው የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ተቀጥተዋል። አማዞን በ2023 የሕፃናትን የድምፅ ቅጂ ወላጅ አጥፉልኝ እያለ ይዞ አቆይቷል ተብሎ ተከሶ 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አፕል ሲሪ ሳትጠራ ትቀዳለች የሚለውን ክስ ጥፋቱን ሳያምን በ95 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት ተስማማ። ለተጠቃሚው የታሰበው ለአንድ ዕቃ ቢበዛ 20 ዶላር ነው። ዋሺንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄዳችሁ ክትፎ ብታዙበት ቲፕ ይጎድላችኋል።

አፕል እውነቱን ለመናገር በ2019 ኦገስት ላይ ማዳመጡን አቁሞ ይቅርታ ጠይቋል። ከዚያ ወዲህ ሰው እንዲያዳምጥ ትፈቅዳላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኛስ? ለእናታችን ስልክ ገዝተን ስናስተካክል ያንን ሁሉ ጥያቄ እሺ፣ እሺ፣ እሺ እያልን በአውራ ጣት እንገፋዋለን። በእሳቸው ስም የፈረምነው እኛ ነን። ስልኩን ስትሰጧቸው «ይኸው እማዬ፣ ተስተካክሏል» ነው የምትሏቸው። ምኑ ተስተካከለ?

ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ ነገ ሳትሉ፣ የእናታችሁን ስልክ ተቀበሏቸው። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለውን ክፈቱ፤ ከታች አናሊቲክስ በሚለው ውስጥ «ሲሪን አሻሽል» የሚል ማብሪያ አለ፣ አጥፉት። አሌክሳ ካላችሁ አፑ ውስጥ የፕራይቬሲ ገጽ አለ። እዚያ የተቀዳውን ሁሉ አንድ በአንድ ታገኙታላችሁ። ተጭናችሁ አዳምጡት። ስብከት አልጨምርበትም፣ የገዛ ሳሎናችሁን ድምፅ ስሙት ብቻ። ከዚያ አጥፉትና ቅጂ አታስቀምጪ በሏት። አንዳንዶቹ አሌክሳዎች ድምፁ ከቤት ሳይወጣ እዚያው እንዲያስተናግዱት የሚያደርግ ምርጫ ነበራቸው፤ አማዞን በ2025 ማርች ላይ አንስቶታል። ስለዚህ የምታምኑት ዕቃው ላይ ያለውን የማይክሮፎን ቁልፍ ይሁን። ስትጫኑት ቀይ ይበራል።

ለራሳችሁ ገበና ግድ ባይሰጣችሁ መብታችሁ ነው። የእንግዳችሁ ገበና ግን የእናንተ አይደለም። ከአዲስ አበባ ደውላ በስፒከር የምታለቅስላችሁ እህታችሁ ማንም አላስፈቀዳትም። የሰው ቤት አዛውንት የምትንከባከቡም፣ አሠሪዎቻችሁ ኩሽና ውስጥ ሆናችሁ የባላችሁን ነገር በስልክ ከማውራታችሁ በፊት መደርደሪያውን አንዴ ቃኘት አድርጉ። ቤታችሁ ሰው ስትጠሩ ወይ ንገሩት፣ ወይ ንቀሉት።

እኔ ለራሴ ወስኛለሁ። ቡና ጠርታችሁኝ ስመጣ፣ ከሰላምታው ቀጥዬ ሶኬቱን ነቅዬ ብቀመጥ እንዳትቀየሙኝ። በረካውን ጠጥቼ ስወጣ መልሼ እሰካዋለሁ።