ቻይና በነጥብ፣ ጅማ በዋስ

ጅማ በመጣሁ ቁጥር የማያመልጠኝ ጥያቄ አለ። «ቻይና ሰው ሁሉ ነጥብ አለው አሉ፤ አንተ ስንት ነህ?» ሄርማታ መርካቶ ቡና ላይ ይጠየቃል፣ ባጃጅ ውስጥ ይጠየቃል፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ጠጋ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው የመጣው ከስልክ ነው። አንድ ሰውዬ መንገድ ሲሄድ አናቱ ላይ ቁጥር የሚታይበት፣ ቆሻሻ ሲጥል ቁጥሩ የሚወርድበት፣ አሮጊት ሲያሻግር የሚጨምርበት ቪዲዮ ሁሉም አይቶታል። እኔ የምኖረው ዪዉ ነው፤ መርካቶ የምትገዙት የፀጉር ማስያዣ፣ የፕላስቲክ አበባና የልጆች መጫወቻ ብዙው ከሚጫንበት ከተማ። አናቱ ላይ ቁጥር ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። የለምም። ግን «ውሸት ነው» ብዬ ቡናዬን እንዳልጠጣ ነገሩ እንደሱም አይደለም። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ዓመተ ምህረቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ እዚያ የቆየ ሰው የኛው ይምታታበታል።

የቻይና መንግሥት በ2014 እስከ 2020 የሚዘልቅ የ«ታማኝነት» ሥርዓት ዕቅድ አወጣ። ለመላ አገሩ አንድ ቁጥር ግን አልመጣም። የመጣው የተበታተነ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ከተማ የመሰለውን ሞከረ። በጣም የሚወራላት በሻንዶንግ ያለችው ሮንግቼንግ ናት። እዚያ ሲጀመር ነዋሪው በ1000 ነጥብ ይነሳ ነበር። በትራፊክ ከተቀጣህ 5 ይቀነስ ነበር፣ በጎ ሥራ ከሠራህ ይጨመር ነበር፣ ከ«ሦስት ኤ» (AAA) እስከ ዲ ደረጃ ነበረው። ከላይ ያለው በክረምት የቤት ማሞቂያ ቅናሽና የተሻለ ብድር ያገኝ ነበር። ቪዲዮው የማያሳየው ደግሞ ይሄ ነው፦ መንደር ውስጥ ነጥቡን የሚሰበስበው ካሜራ ሳይሆን ደብተርና እስክሪብቶ የያዘ ጎረቤት ነው። ማን አጥር ሠራ፣ ማን አዛውንት ጠየቀ፣ ማን ተጣላ እያለ ይጽፋል። ይሄን ለጅማ ሰው ስነግር ሁሉም ይስቃል። የዕድር ጸሐፊያቸው ትዝ እያላቸው ነው።

ቻይናዎቹም ዝም ብለው የተቀበሉት እንዳይመስላችሁ። በ2010 ሱይኒንግ የምትባል የጂያንግሱ ወረዳ ነዋሪዎቿን ከኤ እስከ ዲ ስታስቀምጥ፣ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ራሳቸው ጃፓን በወረራ ጊዜ ለ«ጥሩ ዜጋ» ከሰጠችው ወረቀት ጋር አመሳሰሉት። ከዚያ የባሰ ስድብ ለቻይና የለም። በ2020 ደግሞ ሱዡ ከተማ የነዋሪውን ጨዋነት የሚለካ ኮድ ስልክ ላይ ብታወጣ፣ ሕዝቡ ኢንተርኔት ላይ ጮኸባትና በቀናት ውስጥ አወረደችው።

ስልክ ላይ ሰው የሚያየው ቁጥር ደግሞ ሌላ ነው። በስልክ ክፍያ የሚያስከፍለው የአሊፔይ ኩባንያ በ2015 ያመጣው ዢማ የሚባል ነጥብ አለ፣ ከ350 እስከ 950 ይሄዳል። የግል ድርጅት ነው፣ መንግሥት አይደለም። መሥሪያ ቤታችን ያሉት ልጆች ምሳ ላይ አውጥተው ይፎካከሩበታል። ከፍ ያለ ካለህ ብስክሌት ያለ መያዣ ትከራያለህ፣ ሆቴል ቅድመ ክፍያ ይቀርልሃል። ዝቅ ያለ ካለህ መያዣ ታስይዛለህ፣ አለቀ። ማንም አይታሰርበትም።

የሚያምመው የፍርድ ቤቱ ዝርዝር ነው። በ2013 የጀመረ ነው። ፍርድ ቤት ክፈል ብሎህ፣ እያለህ ካልከፈልክ ስምህ ይገባል። ከዚያ አውሮፕላን የለም፣ ፈጣን ባቡር የለም፣ ውድ ሆቴል የለም፣ ልጅህን ውድ የግል ትምህርት ቤት ማስገባት የለም። እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ 17.5 ሚሊዮን ጊዜ የአውሮፕላን ትኬት፣ 5.5 ሚሊዮን ጊዜ ደግሞ የፈጣን ባቡር ትኬት ተከልክሏል። እንዲህ ያለውን ሰው «ላኦላይ» ይሉታል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዕዳ የሚክድ እንደማለት። አንዳንድ ቦታ ስልክ ስትደውልለት ከመጥሪያው ዘፈን ፋንታ «የደወሉለት ሰው በፍርድ ቤት የታወቀ ባለዕዳ ነው» የሚል ድምፅ ትሰማለህ። ሄቤይ ውስጥ በ2019 ቻይናዎቹ መልእክት በሚላላኩበት በዊቻት የሚከፈት ካርታ ወጥቶ ነበር፤ በ500 ሜትር ዙሪያህ ያለውን ባለዕዳ ያሳይሃል። እስቲ ያንን ካርታ ሐሙስ ገበያ መሃል ከፍታችሁ አስቡት።

አንድ ላኦላይ በቅርብ አውቃለሁ። ዕቃ የሚያቀርብልን ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ድሮ በፈጣን ባቡር ጠዋት መጥቶ ማታ ይመለስ የነበረ ሰውዬ፣ አንድ ጊዜ በአረንጓዴው ባቡር፣ በዚያ በየጣቢያው በሚቆመው፣ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ መጣ። ኮቱ ተጨማድዷል፣ እጁ ላይ ግማሽ የተበላ የፌስታል ኦቾሎኒ አለ፣ እግሩ ከማበጡ የተነሳ የጫማውን ክር ፈትቶታል። ማንም ምን ሆንክ አላለውም። ሁሉም ገብቶታል። የመጋዘኑ ኃላፊ ሻይ ቀዳለትና ወደ ዋጋው ገቡ፤ ብቻ ያን ቀን ቅድሚያ ክፍያ የሚባል ነገር አልተነሳም። ሰራተኞቹ ደመወዛቸውን አስፈርደውበት ነው። አዘንኩለት ልበል? ግማሽ ግማሹን። የስንት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ሰው እኮ ፈጣን ባቡር መሳፈሪያም አልነበረውም።

እንግዲህ «አንተ ስንት ነህ» ለሚለው። አለኝ፣ ልደብቃችሁ አልችልም። ለሥራ የሚመጣ የውጭ ሰው ከ2017 ጀምሮ በነጥብም ይመዘናል። ደመወዝ፣ ትምህርት፣ የሥራ ልምድ፣ ቻይንኛ፣ ዕድሜ ይደመራል። 85 ከሞላህ ኤ ነህ፣ ከ60 ጀምሮ ቢ። እኔ ቢ ነኝ፣ አትሳቁ። ዕድሜህ ከ26 እስከ 45 ከሆነ 15 ነጥብ ይሰጡሃል፣ ከዚያ ካለፍክ ይቀነሳል። ጅማ ሽበት ሲወጣ ወንበር ይለቀቅልሃል፣ እዚያ ነጥብ ይወሰድብሃል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያ ፎርም የማን ልጅ እንደሆንኩ አልጠየቀኝም። ሰው ያስፈልግሃል አላለኝም። ወረቀቴን አየ፣ ደመረ፣ ሰጠኝ።

እኛ ዘንድስ? እኛ ዘንድ ያልተመዘነ ሰው አለ እንዴ? ቀበሌ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ስኳርና ዘይቱንም፣ መታወቂያውንም፣ የድጋፍ ደብዳቤውንም ይዞ ኖሯል። ለስብሰባ ያልመጣ ሰው ደብዳቤ ሊያጽፍ ሲሄድ ማህተሙን የያዘው ሰው «ለመስክ ወጥቷል» ይባላል። ኋላ አንድ ለአምስት መጣ፤ አምስት ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ ዋለ። መንግሥት ሠራተኛውም ቢኤስሲ በሚባል የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ከመቶ ይሞላለት ነበር፣ ሁሉም ዘጠና ምናምን ይሞላ ነበር እንጂ። ዕድሩም አለ። የኛ ሰፈር ዕድር መዝገብ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ ትልቅ ደብተር ነው። ከቀብር መልስ ጸሐፊው ስም ይጠራሉ፣ ያልመጣ «ቀሪ» ይባልና ይቀጣል። በየስሙ ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ ትንሽ መስመር አለች። እኔ ውጭ ስለሆንኩ በእናቴ በኩል ነው የምቀጣው።

ግን ያ ቀይ መስመር ይፋቃል። ታምሜ ነበር ትላለህ፣ ሽማግሌ ትልካለህ፣ ደህና ጎረቤት «ኧረ እሱስ አይደለም» ይልልሃል። መዛኙ ፊት አለው። ይረሳል፣ ይቅር ይላል። ዲያስፖራው እዚህ ሲደርስ ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ «አቤት ማኅበራዊ ሕይወታችን» ይላል። እሱ ላይ ነው የማልስማማው። መዛኙ ፊት ስላለው ፊት ያያል። አንዲት ልጅ ከገጠር መጥታ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ልትሆን ብትፈልግ ዋስ አምጪ ትባላለች፣ ያውም ደመወዝ ያለው። ጅማ ማንንም የማታውቅ ልጅ ደመወዝ ያለው ዋስ ከየት ታምጣ? ነጥቧ ስንት ነው እንበል? ዜሮ ነው። ማንም ግን ቁጥሩን አልጻፈውም፣ ስለዚህ የምትከራከርበትም ነገር የላትም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ዘመድ ደግሞ ዕዳውንም በልቶ፣ ስብሰባውንም ቀርቶ፣ ደብዳቤው በአንድ ቀን ይወጣለታል።

ለዚህ ነው ፋይዳና ቴሌብር ሲመጡ እንደ ብዙ ጓደኞቼ «ቻይና ልንሆን ነው» ብዬ ያልጮህኩት። የፋይዳ አዋጅ በ2023 ወጣ፣ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጥሃል። ቴሌብር በ2021 ተጀመረ፣ በ2022 ደግሞ ብድር አመጣ፤ ቤት ካርታ ሳይጠየቅ፣ ዋስ ሳይጠየቅ፣ ስልክህ ላይ እንደምታንቀሳቅሰው ገንዘብ ልክ ነው የሚያበድርህ። ይሄም ነጥብ ነው እንግዲህ። ቡና አፍልታ የምትሸጥ ሴት ዋስ ፍለጋ ሰው ደጅ ሳትጠና ሸቀጥ መግዣ ማግኘቷ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ስጋቴ ሌላ ቦታ ነው። ሽቦዎቹ ሲገናኙ። በ2022 ሄናን ውስጥ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንዳንድ የገጠር ባንኮች የሰውን ተቀማጭ ይዘው አልሰጥም አሉ። ሰዎቹ ገንዘባችን የት አለ ሊሉ ወደ ዠንግዡ ከተማ ሲመጡ ስልካቸው ላይ ያለው የኮሮና ኮድ ቀይ ሆነ። ያኔ ቀይ ከሆነ ሆቴል አትገባም ነበር፣ ባቡር አትሳፈርም ነበር፣ ለይቶ ማቆያ ነበር። በሽታ ስለተገኘባቸው አልነበረም። 1317 ሰው ነበር ቀይ የተደረገበት። አገሩ ሲንጫጫ አምስት ባለሥልጣናት ተቀጡ። ለበሽታ የተሠራ ነገር ነው፤ አንድ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ግን ለሌላ ጉዳይ እንደሚሆን ገባውና ተጠቀመበት። የፍርድ ቤቱ ዝርዝር ቢያንስ መውጫው የተጻፈ ነው። ዕዳህን ከከፈልክ ፍርድ ቤቱ በሦስት የሥራ ቀን ስምህን መሰረዝ አለበት። ለቀይዋ ኮድ ግን አቤት የሚባልበት መስኮት አልነበረም።

ማሽን ደግሞ ይሳሳታል። ኒንግቦ ላይ በ2018 ዜብራ ያልጠበቀን እግረኛ ፊት የሚይዝ ካሜራ የአየር ማቀዝቀዣ አምራቹን የግሪ ኩባንያ ሊቀ መንበር ዶንግ ሚንግዡን ጥፋተኛ ብሎ ስክሪን ላይ ለጠፋት። ሴትዮዋ እዚያ አልነበረችም፤ አውቶቡስ ላይ የተለጠፈ የማስታወቂያ ፎቶዋ ነው ያለፈው። እሷ ሀብታም ናት፣ ፖሊስ ወዲያው አረመው። እዚህ ጅማ የማውቀው አንድ ባጃጅ ነጂ አለ። ስሙ መታወቂያው ላይ በአንድ ዓይነት፣ ባንክ ደብተሩ ላይ በሌላ ዓይነት ነው የተጻፈው፤ የአንድ ፊደል ልዩነት ናት። ሲስተሙ አልገናኝ አለና ሒሳቡ ቆመ። መስኮቱ ያለችው ልጅ ክፉ አይደለችም፣ «ሲስተሙ ነው» አለችው፣ ማነጋገር ያለበት ማን እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም። ባጃጁን አቁሞ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ሰነበተ። ድሮ ቢሆን አጎቱን ይዞ ሄዶ ይጨርሰው ነበር። አጎት ለሌለውስ? እሱ ድሮም አልጨረሰም።

ይሄን ሁሉ ባለፈው ሰሞን ለዕድራችን ጸሐፊ አጫወትኳቸው። ስለ ካሜራው ብዙም አልገረማቸውም፣ የሮንግቼንግ ደብተር ያዡን ግን ወደዱት፣ «ደመወዝ ይከፍሉታል?» ብለው ጠየቁ። ስለ ባለዕዳዎቹ ዝርዝር ስነግራቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንደው ልጄ፣ እቁባችንን በልቶ አዲስ አበባ የገባውን ሰውዬ ያ ነገር ይይዘዋል?»

«ፈጣን ባቡር እንዳይሳፈር ያደርገዋል፣ ጋሼ።»

«ከጅማ?»

«ከጅማማ ባቡር የለም።»

«በሚኒባስ ነው የሄደው» አሉ። «ኬላ ላይ ሁሉንም አስወርደው መታወቂያ አይተው ነው ያሳለፏቸው። እኔ ነኝ የድጋፍ ደብዳቤውን ያስጻፍኩለት።»