ለተሻለ ዕድገት

«ግባ» ተብለህ ስትገባ ሦስት ሰዎች ተደርድረው ይጠብቁሃል። ፊታቸው የታሸገ ውሃና በሦስት ኮፒ የተባዛ ሲቪህ አለ። ራስህን አስተዋውቅ ትባላለህ፣ ታስተዋውቃለህ። ልምድህን ትጠየቃለህ፣ ትንሽ ጨመር አድርገህ ትናገራለህ። ሁሉም ነገር ደህና እየሄደ ሳለ መሀል የተቀመጠው ሰውዬ መነጽሩን ዝቅ ያደርጋል።

«ከነበርክበት ለምን ለቀቅህ?»

አንዴ ለዘመዴ ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ ነበር። ልጁ ፈት ነው። የልጅቷ አባት ጋቢያቸውን አስተካክለው «የፊተኛዋን ለምን ፈታት?» አሉ። ከእኛ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጠባያቸው አልገጠመም» አሉ። በቃ። ድስት ተወርውሮ ነበር ያለ የለም። ድስቱን የወረወረው ማን እንደሆነም አልተነሳም። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም ሌላ ቤት ሽማግሌ ሆነው ሲሄዱ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ለሥራ ስትሄድ ግን ሽማግሌ አይላክልህም። ፈቺውም አስታራቂውም ራስህ ነህ።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቦሌ አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ 2 ዓመት ከ4 ወር ሠርቻለሁ። እንደ እስረኛ ወሩን ሳይቀር የምቆጥረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌላውን ልተወውና የሽንት ቤቱን ቁልፍ ብቻ ልንገራችሁ። ቁልፉ በተሰበረ ወንበር እግር ላይ በሲባጎ ታስሮ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ኪስ አይገባም፣ ብብት ሥር አይደበቅም። ይዘኸው በኮሪደሩ ስታልፍ ቢሮው በሙሉ ወዴት እንደምትሄድ ያውቃል። አጠገቡ መዝገብ አለ። ስም፣ የወጣበት ሰዓት፣ የተመለሰበት ሰዓት፣ ፊርማ። ቆይቶ አምስተኛ ዓምድ ተጨመረበት፤ «ምክንያት» የሚል። አንድ የመጋዘን ልጅ «የግል ጉዳይ» ብሎ ቢጽፍ አብራራ ተባለ።

ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ አንድ አባባል ነበራቸው፤ «እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን»። ደመወዝ በ12 ቀን ሲዘገይ ቤተሰብ ነን። እሁድ ጠዋት ተደውሎ «እቃ ስለገባ ብቅ በል» ስባል ቤተሰብ ነን። የሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ክፍያም አለው። አንድ ቀን ይህንን በትሕትና ሳነሳ ጋሼ በጣም አዘኑ። «ልጅ አባቱን ትርፍ ሰዓት ይጠይቃል?» አሉኝ። አፈርኩ። እውነት ለመናገር፣ እስከ ማታ ድረስ አፍሬ ነበር። ማታ ግን ቤት ኪራዩን አሰብኩ። አከራዬ ዘመዴ አይደሉም።

በሕጉ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ጽፌ ሰጠሁ። ጋሼ አነበቡትና «ሰላሳ ቀን ለምን ትሰቃያለህ፣ አሁኑኑ ውጣ!» አሉ። ወጣሁ። በነጋታው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ። «የት ነህ?»

ከዚያ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። አዋጁ አሠሪው የሠራህበትን የሥራ ዓይነት፣ ያገለገልክበትን ዘመንና ደመወዝህን ጽፎ በነጻ ይስጥህ ይላል። ደብዳቤው በሁለት ቀን ተጻፈ። ማህተም ግን የለም። ማህተሙን በቦርሳቸው የሚይዙት የጋሼ ባለቤት እትዬ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ጸበል ሄደዋል። ማህተሙም አብሮ ሱባኤ ገባ። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ሲመለስ ደብዳቤዬ ላይ ደማቅ ሆኖ አረፈ፤ «በራሳቸው ፈቃድ ሥራ የለቀቁ ሲሆን በቆይታቸውም በትጋትና በታማኝነት አገልግለዋል።» ደመወዝ ሲቆርጡ «አንተ»፣ ስሸኝ «እርስዎ»።

የመጀመሪያው ኢንተርቪው ላይ እውነቱን ተናገርኩ። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። ከቁልፉ ጀምሬ፣ በእሁዱ አልፌ፣ ማህተሙ ጸበል ጋ ስደርስ ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጥሩ፣ እንደውልልሃለን» አለኝ። ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የሰው ኃይል አስተዳደር የምትሠራ ጓደኛዬ በኋላ ሳቀችብኝ። «አንተ ስለነሱ ስታወራ ሰዎቹ የሚሰሙት እኮ ነገ ስለኛ የሚያወራውን ነው» አለች።

ሁለተኛው ላይ «ለተሻለ ደመወዝ» አልኩ። «ነገ ሌላው ሲጨምርልህ ጥለኸን ልትሄድ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አዎ ነው መልሱ።

ሦስተኛው ላይ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። «ቤቴ አያት ነው፣ ቦሌ ይርቀኛል፣ ትራንስፖርቱ አስቸግሮኝ ነው» አልኩ። ሦስቱም ዝም ብለው አዩኝ። ቢሮው ዓለም ገና ነበር። ከቤቴ እዚያ ለመድረስ ሦስት ታክሲ ቀይሬያለሁ፤ ላቤም ገና አልደረቀም።

ለአራተኛው ጓደኛዬ መስታወት ፊት አቁማ አስጠናችኝ። «ለተሻለ የሙያ ዕድገት።» ትከሻ ቀጥ፣ ፈገግታ በልክ፣ ስለ ጋሼ አንድም ክፉ ቃል የለም። እንደ ዳዊት ደገምኩት።

ጥያቄዋ መጣች። «በነበርኩበት ድርጅት ብዙ ተምሬያለሁ፤ አሁን ግን ለተሻለ የሙያ ዕድገት...» አልኩ። ሰብሳቢው ደስ አለው፣ ጻፈ። ዳር የተቀመጡት ሴትዮ ግን እስከዚያ ድረስ ቃል አልተነፈሱም። ሲቪዬን አነሱ፣ የድርጅቱን ስም በጣታቸው ተከትለው አነበቡ፣ ቀና አሉ።

«ቁልፉ አሁንም ወንበር እግር ላይ ነው?»

ደነገጥኩ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ምክንያት የሚል ዓምድ ተጨምሯል» አልኩ።

ሴትዮዋ በእጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሰብሳቢው አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን እያየ «የምን ቁልፍ?» አለ። ሁለታችንም እኩል «ምንም» አልን።

ይህ ድፍረት ሰጠኝ መሰለኝ፣ «ጥያቄ አለህ?» ስባል «ቦታው ላይ የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ?» አልኩ።

ሰብሳቢው ውሃውን አነሳ። ከፈተው። ጠጣ። ክዳኑን ቀስ ብሎ መልሶ አጠበቀ።

«ለተሻለ የሙያ ዕድገት።»

ሴትዮዋ ወደ ወረቀታቸው አቀረቀሩ።

ሥራውን አገኘሁ። ሰኞ ዕለት ገብቼ ጠረጴዛዬን እንኳን ሳላይ ሽንት ቤቱን ፈልጌ ሄድኩ። ቁልፍ የለውም፣ መዝገብ የለውም፣ ውሃም አለው። ደስ ብሎኝ ስወጣ በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። በትልቁ ታይፕ ተደርጎ በፕላስቲክ ታሽጓል።

«ንጽሕናውን እንጠብቅ። እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን።»