ጌም ቤቱ ተዘግቶ ልጁ የት ገባ?

ባለፈው ወር ሰፈራችን ውስጥ የወላጆች ስብሰባ ነበር። የተጠራነው የልጆቻችን ውጤት ለምን እንደወረደ ለመነጋገር ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጥፋተኞቹ ተለዩ፦ ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤት፣ ቤቲንግ ቤት፣ ጌም ቤት። አራቱም በአንድ ትንፋሽ ተጠሩ፣ አራቱም ከትምህርት ቤቱ አካባቢ ይነሱልን ተባለ፣ ተጨበጨበ። በሦስቱ ላይ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ጌም ቤት ግን ከእነሱ ጋር የሚደመር አይደለም። እጄን አውጥቼ ይህን ለማስረዳት ስጀምር ሰዓት አለቀ ተባለ። ያን ቀን ሳልናገረው የቀረሁትን እዚህ ልጻፈው።

ጌም ቤትን የማውቀው ከውስጥ ነው። በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ከትምህርት ቤት መልስ የምንሰበሰብባት ክፍል ጣሪያዋም ግድግዳዋም ቆርቆሮ ነበር። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፕሌይስቴሽን 2፣ ገመዳቸው በፕላስተር የተጠቀለለ ጆይስቲኮች፣ ከፊታቸው አግዳሚ ወንበር። የምንጫወተው ኮናሚ የተባለው ኩባንያ የሠራውን የእግር ኳስ ጌም፣ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6ን ነው። ሊቨርፑል በስሙ ስላልገባበት "መርሲሳይድ ሬድ" ማለት ማን እንደሆነ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቃል። የኢንተር ሚላኑ አጥቂ አድሪያኖ ከሩቅ በግራ እግሩ ከመታ በረኛ ስለማይመልሰው ኢንተርን ለመያዝ የሁለቱም ተጫዋቾች ስምምነት ያስፈልግ ነበር። ሕጉን ያወጣነው እኛው ነን፤ የፈረሰበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ዋናው ሕግ ደግሞ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ይነሳል የሚለው ነው። አንድ ብርህን ሰጥተህ ከኋላ ትቆማለህ፣ ተራህ እስኪደርስ የሌላውን እጅ ታያለህ። የአሥር ዓመት ልጅ ጎረምሳውን አሸንፎ ሲያስነሳው ጎረምሳው እየተናደደ ይከፍላል እንጂ ልጁን አይነካውም፤ ቤት ሙሉ ምስክር አለ። አንድ ቀን ጓደኛዬ 2 ለ 1 እየመራኝ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። እሱ አሸንፌያለሁ አለ፣ እኔ አላለቀም አልኩ። ከኋላ የቆሙት በጨለማው ውስጥ ተከራክረው ፈረዱ፦ ግማሽ ግማሽ ክፈሉ፣ ነገ ከ2 ለ 1 ትቀጥላላችሁ። በማግስቱ እውነትም ከዚያው ውጤት ጀመርን። ሽንፈትን መዋጥ፣ በዳኛ ቃል መገዛት፣ ተራ መጠበቅ፣ እነዚህን ነገሮች ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ እዚያች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው የለመድናቸው።

ሁላችንም ጋሼ የምንለው ባለቤቱ በሩ ላይ ካርቶን ሰቅሎ ነበር፦ "በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም ለብሶ መግባት ክልክል ነው። መሳደብ ክልክል ነው። ዱቤ የለም።" ሲመሽ ራሱ በሩን ዘግቶ ወደ ቤታችን ይሸኘናል። ሁሉም ባለቤት እንደ እሱ ነበር አልልም። ከክፍል የሚፎርፉ ልጆችን እያወቁ የሚያስገቡ፣ ጨዋታውን በብር ማስያዣ ወደ ቁማር የቀየሩ ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። እነሱን መቆጣጠር ይገባል። ግን የዚህ ሁሉ ጥፋት ከመንገድ ላይ ይታያል፤ እናት ገብታ ልጇን በጆሮው ይዛ ልታወጣው ትችላለች። ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ልጁ የሚጫወተው ሌላ ቦታ ነው። ስብሰባው ላይ ያልተነሳው ይህ ነው። ጌም ቤቱ ቢዘጋም ጌሙ በኪሱ አለ፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ይበራል። የሚዘጋ በር፣ ከኋላ የሚቆም ሰው፣ "በቃ፣ መሽቷል" የሚል ጋሼ የለም። መግቢያውም ነጻ ነው፤ ችግሩ የሚጀምረውም ከዚያ ይመስለኛል። እኔ በአንድ ብር የምገዛውን አውቅ ነበር፦ አንድ ጨዋታ። ብዙዎቹ የስልክ ጌሞች ግን ገንዘብ የሚሠሩት ከገቡ በኋላ ነው። ለጠመንጃው ቀለም፣ ለተጫዋቹ ልብስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሳጥን ያስከፍላሉ። ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ የሚታወቀው ከተከፈለ በኋላ ነው። አልወጣልህም? ሌላ ክፈት። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን አይታ በገንዘብ የሚከፈት የዕድል ሳጥን ቁማር ነው አለች፤ በዓመቱም ፊፋ የተባለውን የእግር ኳስ ጌም ይሠራ የነበረው ኩባንያ ለሳጥኑ መክፈቻ የሚሆኑትን ነጥቦች እዚያ አገር መሸጡን አቆመ። እኛ ቤቲንግ ቤት ይዘጋ ብለን ያጨበጨብን ወላጆች ልጆቻችን ስልክ ውስጥ ያለውን ቤቲንግ ቤት አናውቀውም።

ጎረቤቴ አውቃዋለች። የ12 ዓመት ልጇ በእሷ ስልክ፣ በሞባይል ገንዘቧ፣ ቴሌግራም ላይ ከሚሸጥ ሰው የጌም ገንዘብ ሲገዛ ከርሞ የደረሰችበት የወሩ የቤት ኪራይ ሲጎድል ነው። ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ነበር የሚወስደው። ልጁ ሌባ አይደለም፤ ስትጠይቀው አንድም ሳይደብቅ ነገራት፣ አለቀሰም። "የሚቀጥለው ሳጥን ውስጥ ይወጣል ብዬ ነው" አላት። ይህን ዓረፍተ ነገር ከትልልቅ ሰዎች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ከ12 ዓመት ልጅ መስማት ግን ሆድ ይበላል።

ይህን ስል ጌም በሽታ ነው ከሚሉት ጋር እየተሰለፍኩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስ የሚባል ገብቷል፤ ግን ብዙ የተጫወተ ሁሉ ታማሚ ነው አይልም። ሰውዬው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ኑሮው ሁሉ ሲያስቀድመው፣ እየጎዳው መሆኑን እያየም ሲቀጥል፣ ይህም በአብዛኛው ለአንድ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። ዕረፍቱን ሁለት ሰዓት ተጫውቶ ለእራት የሚነሳ ልጅ እዚህ ውስጥ የለም።

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ማታ ፐብጂ ይጫወታል። መቶ ሰው በጃንጥላ ደሴት ላይ ወርዶ እስከ መጨረሻው የሚተርፍ የሚፈለግበት ጨዋታ ነው። አብሮት የሚሰለፈው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የተወለደው የአክስቱ ልጅ ነው፤ እዚህ ሲመሽ እዚያ ገና ረፋድ ነው። ያ ልጅ አያቱ ስትደውልለት ከ"ደህና ነኝ" ሌላ አማርኛ አይወጣውም፣ ያፍራል። አንድ ቅዳሜ አጠገባቸው ቡና እየጠጣሁ ከስልኩ ውስጥ "ከኋላህ! ከኋላህ! ግባ ቤት ውስጥ፣ እኔ እሸፍንሃለሁ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሱ ድምፅ ነበር። እናቴ ከጓዳ ወጥታ "ማነው?" አለች። ማን እንደሆነ ስነግራት ፎጣዋን እንደያዘች ልጆቹ አጠገብ ተቀመጠች፤ ጨዋታው እስኪያልቅ አልተነሳችም።

ጨዋታ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ገበጣን በመሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረን፣ በጠጠር፣ ከአባቶቻችን ተቀብለን ተጫውተናል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ያንኑ ገበጣ በስልክ ሠርቶታል፤ ከእሱም በፊት ሊይዟት ከሚያሳድዷት የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን ኩኩሉን አውጥቷል። የራሳቸውን ሰፈር በጌም ውስጥ ያዩ ልጆች ነገ ጌም ልሥራ ቢሉ አይገርመኝም።

የሚቀጥለው ስብሰባ ከመስቀል በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ቀድሜ ስሜን አስመዝግቤያለሁ። የማነሳው ሦስት ነገር ነው፦ በየወላጁ ስልክ ላይ የክፍያ ሚስጥር ቁጥሩን ልጁ እንዳያውቅ፤ ጌም ቤቶቹ ከመዘጋት ይልቅ ሰዓትና ዕድሜ ተወስኖላቸው፣ ማስያዣ ተከልክሎ ፈቃድ እንዲያገኙ፤ የወረዳችን ወጣት ማዕከል ውስጥ ካለው የፑል ጠረጴዛ አጠገብ ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት ፕሌይስቴሽን እንዲገባ። ካርቶኑን እኔ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው መስመር "ተሸናፊ ይነሳል" ይሆናል፤ ከሥሩ የጋሼን ሦስቱን አስገባለሁ።