ሳሩ ላይ አትቀመጡ ካላችሁ ስለ ጤና አታውሩልን

ሰሞኑን አንድ የከተማ ሹም ሬዲዮ ላይ ቀርቦ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት መንገድ ዳር የተተከለው ሳር ላይ ሰው ሲቀመጥ ለምን ፊሽካ እንደሚነፋበት ሲጠየቅ «ሳሩ ለከተማው ውበት ነው፣ መዝናናትና ጤና የፈለገ ፓርክ ሞልቶለታል» ብሎ አረፈው። ትንሽ ቀደም ብሎ ግን እዛው ፕሮግራም ላይ አረንጓዴ ልማቱ ለነዋሪው ጤና ያመጣውን ጥቅም ሲዘረዝርልን ነበር፣ ደሜን ያፈላውም ይሄ ነው።

የት ነው ፓርክ የሞላው? አንድነት ፓርክም ወዳጅነት ፓርክም ያምራሉ፣ ግን በር አላቸው፣ ቲኬት አላቸው። እንጦጦ ለመውጣት ደግሞ የታክሲ ሰልፉ፣ ሂሳቡ፣ ልጆች ይዞ መውጣቱ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ ነዋሪው ከቤቱ በ300 ሜትር ውስጥ፣ የአምስት ደቂቃ እርምጃ በሉት፣ ቢያንስ ከግማሽ እስከ አንድ ሄክታር አረንጓዴ ቦታ ይኑረው ነው ያለው። ቅርብ ይሁን የተባለው ጥቅሙ የሚመጣው በመመላለስ ስለሆነ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20 ሺህ ሰው ላይ የተሰራ ጥናት በሳምንት 120 ደቂቃ ተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናችን ጥሩ ነው የማለት እድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፣ ልብ በሉ በሳምንት ነው፣ በዓመት በዓል ሲመጣ አይደለም። ታዲያ አራት ኪሎ ጀርባ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከነልጆቿ የምትኖር እናት በየሳምንቱ ለሁሉም ቲኬት ትግዛ? ደም ግፊት ያለባቸው አባት ሐኪሙ ወክ አድርጉ ሲላቸው፣ ትንሽ ሄደው ሲደክማቸው የት ነው አረፍ የሚሉት? ሀብታሙ ግቢ አለው፣ ጂም አለው፣ ቅዳሜ ቢሾፍቱ ይሄዳል፣ ይሄ ሳር ለሱ ኖረ አልኖረ ምንም አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የእንግሊዝ ጥናት እኮ አረንጓዴ በበዛበት ሰፈር በሀብታምና በድሃ መሀል ያለው የሞት ልዩነት ጠበብ እንደሚል ነው ያገኘው። ስለዚህ ያ ፊሽካ የሚነፋው ሳሩ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ላይ ነው!

ማየቱ ብቻም ይጠቅማል የሚል ይመጣል። እሺ፣ ይጠቅማል፣ በ1984 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ላይ የሐሞት ከረጢት ኦፕሬሽን የተደረገላቸውና በመስኮት ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ ጠንካራ ማስታገሻም ብዙ አልፈለጉም። ግን እነሱ አልጋ ላይ የዋሉ በሽተኞች ናቸው፣ እኛ እግር አለን።

«ሳሩ ይበላሻል» ደግሞ ምክንያት አይሆንም። ጃንሜዳ ስንት ትውልድ ኳስ ተጫውቶበታል፣ አገር አቋራጭ ተሩጦበታል፣ ጥምቀት ተከብሮበታል፣ ይረገጣል፣ ይላጣል፣ ክረምት ሲገባ መልሶ ይበቅላል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ አስፋልቱ እንኳን ለመኪና ተዘግቶ ለሰው ተለቆ ነበር፣ ታዲያ ከአስፋልት ሳር በልጦ ነው የሚከለከለው?

መረገጥ የሚችል ሳር ከተፈለገ ሰርዶ አለ፣ የአገራችን ነው፣ በቀላሉ አይሞትም። በየተራ እየከለላችሁ አሳርፉት፣ ዘበኛው ቆሻሻ የሚጥለውን ይያዝ እንጂ የተቀመጠን ሰው አያስነሳ። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለውን ለሙከራ ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ ክፈቱትና ሰው ይቀመጥበት።