ከጃቫ ወደ ኮትሊን፦ ሁሉንም አፍርሶ መጻፍ ለምን?

ጃቫና ኮትሊን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች ናቸው፤ ከጃቫ ወደ ኮትሊን ስለመሸጋገር የተጻፈ ጽሑፍ አንብቤ ነው ይህን የምጽፈው። ጸሐፊው ኮትሊን ከጃቫ ይሻላል ማለታቸው ያስማማናል። «የቆየውን ኮድ ጥላችሁ ከባዶ ጻፉት» የሚለው ምክር ግን አልተዋጠልኝም።

የኮትሊን ትልቁ ጥቅም እኮ ከጃቫ ጋር ተስማምቶ መሥራቱ ነው። ሁለቱም ወደ ባይትኮድ (ወደ አንድ ዓይነት መካከለኛ ኮድ) ይቀየራሉ። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ክላስ (የኮድ ክፍል) ይጠራል። ስለዚህ አዲሱን ፋይል በኮትሊን መጀመር ነው፤ የድሮው እየሠራ ይቆይ። እኔ ብሆን ከቴስቶቹ (ዋናውን ኮድ ከሚፈትሹት ኮዶች) እጀምራለሁ። እዚያ ቢበላሽ ተጠቃሚው ጋ አይደርስም።

ኮትሊን ከነል (ዋጋ ከሌለው፣ ባዶ ከሆነ ነገር) ስለሚጠብቀን የተጻፈውም ትንሽ ተጋኗል። ኮትሊን ባዶ ሊሆን የሚችለውን ነገር በጥያቄ ምልክት ለይተን እንድንጽፍ ያስገድዳል፤ ሳናረጋግጥ ልንጠቀምበት ብንል ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም) እምቢ ይላል። ግሩም ነው። ከጃቫ በኩል የሚመጣ ዋጋ ግን አኖቴሽን (ይህን የሚገልጽ ምልክት) ከሌለው ነል ይሁን አይሁን ኮምፓይለሩ በምን ያውቃል? ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። አፑም ያው እንደ ድሮው ይወድቃል። የአንድሮይድ አፕ መሥሪያው ፕሮግራም አንድሮይድ ስቱዲዮ ጃቫውን በራሱ ወደ ኮትሊን ሲቀይር ደግሞ አንዳንዴ ሁለት ሁለት ቃለ አጋኖ (!!) ይደረድራል። ያ ማለት «ነል አይደለም፣ እመነኝ» ብሎ መማል ነው። አንድ በአንድ እያዩ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ለአንድሮይድ ሠሪ መማሩ ግዴታ ሆኗል፤ አልክድም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 በይፋ ደገፈው፤ በ2019 ደግሞ ቅድሚያ ለኮትሊን አለ። የአፕ ገጽታ መሥሪያው ጄትፓክ ኮምፖዝም የተሠራው ለኮትሊን ነው። ሰርቨር ላይ ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን ያን ያህል አያስቸኩልም። ጃቫም ከ16ኛው ዕትም ወዲህ ዳታ መያዣ ክላስን በአጭሩ መጻፊያ፣ ሬከርድ፣ አለው።