ያንን ጫማ ጠራጊ የሚያውቅ ሰው አለ?

በቀደም አንድ የልብ ወዳጄ ከአሜሪካ ደወለልኝ። ገና «ሃሎ» ሲል መናደዱ ያስታውቃል። አብሮት የሚሠራ ፈረንጅ ስለ ጃንሆይ መጽሐፍ አንብቦ መጥቷል። ምሳ ሰዓት ላይ በሰው ፊት «እውነት የንጉሣችሁ ውሻ የሚኒስትሮቹ ጫማ ላይ ይሸና ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወዳጄ መልስ አጣ። «ውሸት ነው እንዳልል ማስረጃ የለኝም። እውነት ነው እንዳልል አንጀቴ እምቢ አለኝ» አለኝ።

መጽሐፉን ወዲያው አወቅኩት። የፖላንዱ ጋዜጠኛ የሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ ሥራ ነው። ርዕሱ «ንጉሠ ነገሥቱ» ይሰኛል። መጀመሪያ በፖላንድኛ እ.ኤ.አ. በ1978 ወጣ። በ1983 በእንግሊዝኛ ታተመ። ከዚያ በኋላ ዓለምን አዳረሰ። ስለ ጃንሆይ አንድ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ፈረንጅ ካጋጠማችሁ፣ ያነበበው ይህንኑ ሊሆን ይችላል።

አጻጻፉ እንዲህ ነው። ጃንሆይ ከወረዱ በኋላ ጋዜጠኛው አዲስ አበባ ይመጣል። ጊዜው ፍተሻ የበዛበት፣ ሰው ጥላውን የሚጠራጠርበት ነው። በማታ ቤት ለቤት እየዞረ የቀድሞ የቤተ መንግሥት ሰዎችን ያናግራል። አንዱ ሥራው ጫማ መጥረግ ነበር። ሉሉ የሚባለው ትንሽ ውሻ የባለሥልጣን ጫማ ላይ ሲሸና፣ በሳቲን ጨርቅ ያደርቃል። አሥር ዓመት ይህን ሠራሁ ይላል። ሌላው የትራስ ኃላፊ ነው። ጃንሆይ ቁመታቸው አጭር ስለሆነ፣ ዙፋን ላይ ሲቀመጡ እግራቸው እንዳይንጠለጠል ቶሎ ብሎ ትራስ ያስገባል። 52 ትራስ ነበረኝ ይላል። የተናጋሪዎቹ ስም ግን የለም። ፊደል ብቻ ነው የተቀመጠው።

መጽሐፉ ይጥማል። እኔም መጀመሪያ ያነበብኩት በአንድ ሌሊት ነው። ግን የሆነ ነገር ይኮሰኩሰኝ ነበር። ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ፣ አንዱን ገጽ ወደ አማርኛ ልመልስ ብዬ ስቀመጥ ነው።

አልመለስ አለኝ። ተናጋሪዎቹ ንጉሡን በጠሩ ቁጥር አዲስ ቅጽል ይለጥፋሉ። አንዴ ቸሩ ግርማዊነታቸው፣ አንዴ ወደር የለሹ፣ አንዴ ከሁሉ የላቁት ዓይነት ነገር። ለፈረንጅ ጆሮ ይኼ የጥንት ቤተ መንግሥት ወግ ይመስላል። የእኛ ሰው ግን እንዲህ አይናገርም። በሥርዓት ጊዜ «ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ፣ ሥዩመ እግዚአብሔር፣ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይባላል። በአዘቦቱ «ግርማዊነታቸው»። ሲጠሩ «ጃንሆይ»። በቃ። ዛሬም የድሮ ሰዎች «ጃንሆይ» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ቅጽል አይጨምሩም። ታዲያ እነዚያ ባለ ፊደሎቹ አገልጋዮች ይህን ቋንቋ ከየት አመጡት? ሁሉስ ለምን በአንድ አንደበት ይናገራሉ? የአልባሹም፣ የበረኛውም፣ የጸሐፊውም ድምፅ አንድ ነው። የአንድ ጎበዝ ደራሲ ድምፅ ነው።

ሌላም አለ። መጽሐፉ ንጉሡ አያነቡም ነበር፣ ነገር ሁሉ በጆሮ ነበር የሚደርሳቸው ይላል። ይኼኛውን ማጣራት ቀላል ነው። ጃንሆይ በልጅነታቸው ሐረር ከአባ ሳሙኤል ዘንድ የተማሩ፣ ፈረንሳይኛ የሚያነቡ ሰው ነበሩ። በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሳሉ የሠሩበት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በ1965 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታትሟል። የንጉሡን የሕይወት ታሪክ የጻፈው አሜሪካዊው ምሁር ሃሮልድ ማርከስ የካፑሽቺንስኪን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1990 አብጠርጥሮ ተችቶታል። እንግሊዛዊው ጆን ራይልም በ2001 እንዲሁ። ካፑሽቺንስኪ በ2007 ካረፈ በኋላ ደግሞ የገዛ አገሩ ሰው አርቱር ዶሞስዋቭስኪ በ2010 የሕይወት ታሪኩን ጻፈ። ጋዜጠኛው እውነትና ፈጠራን ያደባልቅ እንደነበር አላለፈውም።

ታዲያ ያለ ነገሥታት ፈቃድ የተጻፈ ሁሉ ቅጥፈት ነው? እዚህ ላይ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። «ቤተ መንግሥቱ ያልፈቀደው መጽሐፍ ሐሜት ነው» የሚሉ አሉ። የዳያናን ጉዳይ እስኪ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1992 አንድሩ ሞርተን የሚባል ጋዜጠኛ ስለ ልዕልት ዳያና መጽሐፍ አወጣ። ትዳሯ እንደፈረሰ፣ የባሏ የያኔው አልጋ ወራሽ የቻርልስ ልብ ካሚላ የምትባል ሴት ዘንድ እንደሆነ፣ እሷም ታማ ራሷን እስከ መጉዳት እንደደረሰች ይናገራል። እንግሊዝ ተናወጠች። ሃሮድስ የሚባለው ትልቁ መደብር መጽሐፉን አልሸጥም አለ። የንግሥቲቱ የግል ጸሐፊ ሮበርት ፌሎውስ የዳያና የእህቷ ባል ነበር። «እጅሽ አለበት?» ብሎ ጠየቃት። «የለበትም» አለችው። እሱም አመናት። የእሷን ቃል ይዞ ለጋዜጦች ቅሬታ ኮሚሽን ሰብሳቢ አስተላለፈ። ሰብሳቢውም ጋዜጦቹን በአደባባይ ገሠጸ።

እጇ ግን ነበረበት። ሞርተንና ዳያና ፊት ለፊት አልተገናኙም። ጄምስ ኮልትኸርስት የሚባል ሐኪም ወዳጇ መሐል ላይ ነበር። ሰውዬው ብስክሌቱን እየነዳ ኬንሲንግተን ቤተ መንግሥት ይገባል። ጥያቄው ይነበብላታል። እሷ መልሱን ካሴት ላይ ትቀዳለች። ካሴቱ ተመልሶ ጸሐፊው እጅ ይገባል። በ1997 ዳያና በመኪና አደጋ ስትሞት ሞርተን ይህን ገለጠ። አምስት ዓመት ሙሉ «ሐሜት» የተባለው መጽሐፍ የራሷ ቃል ነበር። ቤተ መንግሥቱ ያስተባበለው ደግሞ እሱ ራሱ ሳያውቅ ነው።

ይህ ማለት መጽሐፉ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። የተጣሉ ባልና ሚስትን ሊያስታርቅ ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሚስት ስታወራ እንባዋ እውነተኛ ነው። ባልየው ሲያወራ ደግሞ ሌላ ቤት የገባችሁ ይመስላችኋል። ቻርልስም የራሱን ወገን ተናገረ። በ1994 ለጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ደብዳቤውንና ማስታወሻውን ከፍቶ ሰጠው። የሕይወት ታሪኩ በሙሉ ፈቃዱ ተጻፈ። በቴሌቪዥን ቀርቦም ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ ሌላ ሴት ጋ መሄዱን አመነ።

ዲምብልቢ ሲባል አንድ ነገር ትዝ አይላችሁም? ያው የወሎው ዲምብልቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። እንዳለ ግን አላሳየውም። በረሃብ በሚያልቀው ሕዝብ መሐል የቤተ መንግሥት ድግስና ጃንሆይ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል ሰካበት። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር። ድግሱም ነበር። መቀሱን የያዘው ግን ዙፋኑን የፈለገው ሰው ነው።

ልብ በሉ፣ ውሻው እዚህም አለ። ካፑሽቺንስኪ የቤተ መንግሥት ሰዎችን ማናገር ሲጀምር አገሩ ያንን ፊልም አይቶ ነበር። ለውጭ ጋዜጠኛ ምን እንደሚጣፍጠው ተናጋሪው ያውቃል። ጠያቂውም ምን መስማት እንደሚፈልግ ያውቃል። የሉሉ ታሪክ የተወለደው ከእነዚህ ከሁለቱ መሐል ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቢሆንም ስም አልባ ምንጭን በጅምላ መጣል አልችልም። ምክንያቱም እኛው አገር ውስጥ እውነቱን ይዞ የቆየው ሹክሹክታ ነው። ጃንሆይ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞቱ። የመንግሥት መግለጫ በሕመም ሞቱ አለ። ሰው ግን ታፍነው ነው የሞቱት እያለ በየጓዳው ያወራ ነበር። ስሙን ጠቅሶ የሚናገር አልነበረም፤ ቢናገር ያልቅለታል። በ1984 ዓ.ም. አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ፣ ከወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። በሕመም የሞተ ንጉሥ በድብቅ ወለል ሥር አይቀበርም። ማኅተም የነበረው ወረቀት ዋሸ፤ የጓዳው ወሬ ቀረበ።

ተቃራኒውም ደርሶብናል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሲሻሩ ዋናው ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። እንዲህ ለበሱ፣ ከእገሌ ጋር በሉ፣ እዚህ መስጊድ ታዩ እየተባለ የተወራው ሁሉ ተሰብስቦ ፍርድ ሆነ። የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በዚያ ወሬ የተጠቀሙት እነማን ነበሩ? ዘውዲቱ ነገሡ፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። እኚሁ ተፈሪ ናቸው ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት። የንጉሣውያንን ጉድ ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ይህ ወሬ ሲነገር ማን ምን አገኘ? ተናጋሪው በቦታው ነበር ወይ? የሚናገርበት ቋንቋስ የራሱ ነው?

ለካፑሽቺንስኪ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። መጽሐፉ ስለ ኢትዮጵያ አይደለም፣ የዚያን ጊዜውን የፖላንድ ኮሚኒስት ፓርቲ በቅኔ የሚተች ነው ይላሉ። የአገሩ አንባቢም እንዲያ ነበር የተረዳው። ሰምና ወርቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ይገባናል። ግን ሰሙ የእኛ ሰው ነው። በስሙ የሚጠራ፣ መቃብር ያለው፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ያሉት ሰው ነው። ቅኔ ነው ከተባለ ልቦለድ ተብሎ ይሸጥ። እንደ ዘገባ ከተሸጠ ደግሞ እንደ ዘገባ ይጠየቅ። ለተናጋሪዎቹ ደኅንነት ስም መደበቁን አልቃወምም፤ በደርግ ዘመን ስም መጥራት ሰው ማስገደል ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ግን ጸሐፊው ከአሥር ዓመት በላይ በሕይወት ነበር። እነ እገሌ ናቸው ብሎ ስማቸውን አልዘረዘረልንም።

ጥፋቱን ሁሉ ግን ለፈረንጁ አልሰጥም። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ብለን አድገናል። የድሮ ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። እኛ እረኛውንም አልጠየቅንም፣ ወጥ ቤቷንም አልጠየቅንም። መኳንንቱ ማስታወሻ ጻፉ። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ፈረስ ጠባቂው፣ መጋረጃ ከፋቹ ግን ያዩትን ይዘው እየሄዱ ነው። ባዶ ስንተወው ሌላው መጥቶ ሞላው። በ1967 ዓ.ም. ሃያ ዓመቱ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባውን አልፏል።

ለወዳጄ መልሼ ደወልኩለት። «ሉሉ የሚባል ውሻ በእርግጥ ነበር በለው። ስለ ጫማ ጠራጊው ግን ስም ይዘህ ና በለው» አልኩት። ትንሽ ቀለል አለው መሰለኝ።

እናንተም ቤት ውስጥ ቤተ መንግሥት ያገለገሉ አያት ካሉ ዛሬውኑ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅረጹ። «አባባ፣ ስንት ሰዓት ይገቡ ነበር? ደመወዝዎ ስንት ነበር? አለቃዎ ማን ነበር? ጃንሆይን ስንት ጊዜ በቅርብ አይተዋቸዋል?» በሉ። ስለ ውሻው አትጀምሩ። ስለ ሥራቸው ጠይቁ፤ ውሻው ከነበረ ራሱ ይመጣል።

ያ ሳቲን ጨርቅ የያዘው ሰው በእርግጥ ከነበረ አንድ ሰፈር ይኖር ነበር። ቤተሰብ ነበረው። እድርተኛ ነበረው። አሥር ዓመት ሙሉ ምን ሠርቶ እንደሚገባ ጎረቤቱ ያውቃል። የሚያውቀው ሰው ካለ ይጻፍልኝ።